በዋሽንግተንና በኮሎራዶ የትልልቅ ኩባንያዎች ውህደት ለግዛቱ እንዴት እንደሚታወቅ

ክሮገር የተባለው የሱፐርማርኬት ኩባንያ ተፎካካሪውን አልበርትሰንስን በ24.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማማው በኦክቶበር 2022 ነበር (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ግዢው ቢሳካ ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ ኪንግ ሱፐርስና ሴፍዌይ፣ ሲያትል ውስጥ ደግሞ ፍሬድ ማየር፣ ኪውኤፍሲና ሴፍዌይ የአንድ ባለቤት ይሆኑ ነበር። ብዙ ሐበሻ አስቤዛውን የሚሸምተው፣ ጥቂት የማይባለውም ተቀጥሮ የሚሠራው በእነዚሁ መደብሮች ነው። ከፌዴራሉ መንግሥት ቀድመው ፍርድ ቤት የሄዱት ሁለቱ ግዛቶች ናቸው፤ ዋሽንግተን በጃንዋሪ 2024፣ ኮሎራዶ በፌብሩዋሪ 14። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክሱን የመሠረተው በፌብሩዋሪ 26 ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2024 ኦሪገን ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤትና ሲያትል ያለው የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን ግዢውን አገዱት፤ በማግስቱ አልበርትሰንስ ውሉን አፈረሰ።

በዓመቱ እነዚሁ ሁለት ግዛቶች የቅድመ ውህደት ማስታወቂያ ሕግ አወጡ፤ ለፌዴራል መንግሥት የሚገባው የውህደት ቅጽ ቅጂ ለግዛቱም እንዲላክ የሚያዝ ነው። የዋሽንግተኑ ከጁላይ 27 ቀን 2025፣ የኮሎራዶው ከኦገስት 6 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ስለሆነ ይዘታቸው በአብዛኛው ይመሳሰላል፦ ለየግዛቱ ወጥ ሕግ የሚያረቅቀው ኮሚሽን በ2024 ያጸደቀው ረቂቅ ነው።

ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው የ1985ን ነገር ያወቀ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች፣ ኩባንያዎች ለፌዴራል መንግሥት የሚያስገቡት የውህደት ሰነድ ለግዛት ዐቃቤ ሕግም ቢሆን ተላልፎ ሊሰጥ እንደማይችል ወሰኑ። ከዚያ በኋላ የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ሰነዱን ለማየት ወይ የኩባንያዎቹን በጎ ፈቃድ መጠየቅ፣ ወይ በሕግ ኃይል ማስቀረብ ነበረበት። የፌዴራሉ የጥበቃ ጊዜ፣ ማለትም ኩባንያዎቹ ከመዋሃዳቸው በፊት የሚጠብቁት፣ ደግሞ በመደበኛው 30 ቀን ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ሲጻፍና ሲመለስ ግማሹ ያልቃል። አዲሱ ሕግ ያንን ጊዜ ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግ መልሶ ሰጥቶታል። ለኩባንያዎቹም ሸክሙ ትንሽ ነው፤ አዲስ ቅጽ የለም፣ የአገልግሎት ክፍያ የለም፣ ተጨማሪ የጥበቃ ጊዜም የለም።

የኢትዮጵያን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ እንዳይደናገር። በእኛ አገር አዋጅ ውህደቱ ተመርምሮ ሳይፈቀድ ሥራ ላይ አይውልም። ዋሽንግተንና ኮሎራዶ ግን በዚህ ሕግ ፈቃድ አይሰጡም፣ አይከለክሉምም። የሚጠይቁት ቅጂ ነው። መቃወም የፈለገ ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ የፌዴራል ማስታወቂያ መግባት እንዳለበት ያረጋግጡ

የግዛቱ ግዴታ የሚመጣው የፌዴራሉን ተከትሎ ነው። ትልልቅ ውህደቶች አስቀድመው ለፌዴራል መንግሥት እንዲታወቁ የሚያዘው የ1976ቱ የሃርት ስኮት ሮዲኖ ሕግ ቅጽ የማይገባበት ግብይት በእነዚህ ሁለት ሕጎችም አይጠየቅም። ዝቅተኛው የፌዴራል መነሻ፣ ማለትም ቅጽ የሚያስገባው የግብይት መጠን፣ በየዓመቱ ይከለሳል፤ ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2026 ጀምሮ 133.9 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 126.4 ሚሊዮን ነበር። ግብይቱ ከዚህ በላይ ሆኖም የተዋዋዮቹ መጠን አንሶ ወይም ሕጉ ነፃ አድርጎት ቅጽ ላይገባ ይችላል። ይህን የሚወስነው የፌዴራሉን ቅጽ የሚያዘጋጀው ጠበቃዎ ነው፤ የእሱን መልስ ሳይዙ ወደ ቀጣዩ አይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ዋናው የሥራ ቦታ የት ነው?

ቅጹን የሚያስገባው ወገን ዋና የሥራ ቦታው ዋሽንግተን ወይም ኮሎራዶ ከሆነ፣ ሽያጩ ምንም ያህል ይሁን ለዚያ ግዛት ማስገባት አለበት። ዋና የሥራ ቦታ ማለት ኩባንያው የተመዘገበበት ግዛት ማለት አይደለም። ዴላዌር ተመዝግቦ ዋሽንግተን ውስጥ ካለችው ቤልቪው የሚመራ ኩባንያ ጥያቄውን መመለስ ያለበት በቤልቪው ነው።

እዚህ ላይ የሕጉን ቃል በጥሞና ማንበብ ይጠቅማል። ስለ ሥራ ቦታ ሲናገር የሚጠራው አስገቢውን ወገን ብቻ ነው። ስለ ሽያጭ ሲናገር ግን አስገቢውን «ወይም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚቆጣጠረውን» ይላል። በፌዴራሉ አሠራር ቅጹን የሚያስገባው የመጨረሻው እናት ኩባንያ ስለሆነ፣ ልዩነቱ መልሱን ሊቀይረው ይችላል። ሲያትል ያለ ቅርንጫፍ ኩባንያ ሲሸጥ፣ እናት ኩባንያው ቴክሳስ ከሆነ፣ በሁለተኛው መንገድ ማለትም በሽያጩ ሊያዝ ይችላል።

ገዢና ሻጭ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ይመዝናሉ። ገዢው ግዴታ ኖሮበት ሻጩ ላይኖርበት፣ አንዱም በሁለቱም ግዛቶች ሊገደድ ይችላል። «የእነሱ ጠበቃ አስገብቷል» ብሎ መቀመጥ አይሠራም።

ደረጃ 3፦ የሽያጩ ሂሳብ

ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። መስፈርቱ፣ በግብይቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ወይም አገልግሎት በግዛቱ ውስጥ ያስገኘው ዓመታዊ የተጣራ ሽያጭ፣ ከፌዴራሉ መነሻ 20 በመቶ መድረሱ ነው። በ2026ቱ መነሻ ሲሰላ 26.78 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል፤ በቀድሞው 25.28 ሚሊዮን ነበር። የሚያዘው ቅጹ በሚገባበት ቀን ሥራ ላይ ያለው መነሻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቺካጎ ያለ ኩባንያ የጽዳት ዕቃና የማሸጊያ ካርቶን ይሸጣል። አሁን ሌላ የካርቶን ፋብሪካ ሊገዛ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ከጽዳት ዕቃ 400 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል እንበል። ይህ አይቆጠርም፤ ግብይቱ ስለ ካርቶን ነውና። የካርቶኑን ስንመለከት በዓመቱ በኢንቮይስ የወጣው 29 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ላይ የተመለሰ ዕቃና ለደንበኞች የተሰጠ ቅናሽ 2.5 ሚሊዮን ሲቀነስ 26.5 ሚሊዮን ይቀራል። በ2026ቱ መነሻ ከመስመሩ በታች ነው፣ አያስገባም። ይኸው ኩባንያ በ2025 መጨረሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ከ25.28 ሚሊዮን ስለሚበልጥ ያስገባ ነበር። ጥቅሉን 29 ሚሊዮን ይዞ የሮጠ ሰው ያለግዴታው ሰነዱን አሳልፎ ይሰጣል። የጽዳት ዕቃውን የደመረ ደግሞ ከነጭራሹ ጥያቄውን አላነበበም።

«በግዛቱ ውስጥ» የሚለው ሌላው ወጥመድ ነው። የኩባንያ የሂሳብ ሶፍትዌር በልማዱ ሽያጭን የሚመድበው ሂሳቡ በሚላክበት አድራሻ ነው። ዕቃው የሚራገፈው ዋሽንግተን ውስጥ ኬንት ባለ መጋዘን፣ ሂሳቡ የሚከፈለው ግን ዳላስ ካለ ዋና መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የዋሽንግተን ሽያጭ ቴክሳስ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የሂሳብ ክፍሉ ሁለት ዝርዝር እንዲያወጣ ይጠይቁ፤ አንዱ በሂሳብ አድራሻ፣ አንዱ በማድረሻ አድራሻ። ሁለቱም ከመስመሩ በታች ከሆኑ ጉዳዩ አለቀ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ከሆነ ማስገባት ይሻላል፤ ቅጂ መላክ ከሙግት ይቀላል። የመረጡትን ዘዴና የተጠቀሙበትን የበጀት ዓመት በአንድ ገጽ ጽፈው ቀን አድርገውበት ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ።

ይህ ዝርዝር በአንድ ቀን አይወጣም። በተለይ ቅርንጫፎቹ የተለያየ የሂሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ሥራው የፌዴራሉ ቅጽ መሞላት ሲጀምር አብሮ መጀመር አለበት። ከገባ በኋላ ማሰብ ዘግይቶ ማስገባት ነው።

ደረጃ 4፦ ማስገባት

ሕጉ የሚለው ከፌዴራሉ ጋር «በተመሳሳይ ጊዜ» ነው። የፌዴራሉ ቅጽ ማክሰኞ ከገባ የግዛቱም ማክሰኞ ይግባ። የሚላከው ሙሉው የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ነው፤ ተጠቅልሎ የቀረበ ማጠቃለያ ወይም የተሸፈነ መስመር ያለበት ፒዲኤፍ አይሆንም። የሚላክበትን መንገድ የየግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ድረ ገጽ ይነግራል፤ በመጨረሻው ሰዓት ላለመጨናነቅ ከሳምንት በፊት ከፍተው ይዩት፣ የፋይሉን መጠንም ይሞክሩት።

ተያያዥ ሰነዶቹን በሚመለከት ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ፦

- ዋና የሥራ ቦታው ግዛቱ ውስጥ የሆነ ወገን ከቅጹ ጋር ተያያዥ ሰነዶቹን ሁሉ አብሮ ያስገባል። ለሥራ አመራር ቦርዱ የቀረበው ትንተና፣ ስለ ገበያ ድርሻና ስለ ተወዳዳሪዎች የተጻፈው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው።
- በሽያጩ ብቻ የተያዘ ወገን ቅጹን ያስገባል፤ ሰነዶቹን የሚልከው ዐቃቤ ሕጉ ሲጠይቅ ነው፣ ጥያቄው በደረሰው በ7 ቀን ውስጥ።

ሰባት ቀን አጭር ነው። ጥያቄ ባይመጣም ሰነዶቹን አዘጋጅቶ መጠበቅ ይገባል።

ቅጹ ተስቦ እንደገና ሲገባ መዘንጋት የተለመደ ነው። የፌዴራሉ መርማሪዎች ተጨማሪ ጊዜ ሲፈልጉ ገዢው ቅጹን አንስቶ በአዲስ መልክ ያስገባል፤ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምራል። ያ አዲስ ማስገባት ነው፤ ለግዛቱም አዲሱ ቅጂ በዚያው ቀን ይላክ።

ሚስጥሩና ቅጣቱ

የገባው ቅጽ ለሕዝብ አይከፈትም፤ በመንግሥት መረጃ የማግኘት መብት ጠይቆ የሚወስደው የለም። ዐቃቤ ሕጉ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ማካፈል ይችላል። ተመሳሳይ ሕግ ላወጣ ሌላ ግዛት ዐቃቤ ሕግም ያካፍላል፤ ግን ከሁለት የሥራ ቀን በፊት ለአስገቢው ማሳወቅ አለበት። ያ ደብዳቤ ሲመጣ ለጠበቃው በዚያው ቀን ይድረስ፤ ሁለት ቀን በአንድ ሰው ሳጥን ውስጥ ያልፋል።

ያላስገባ ወይም የዘገየ ወገን በቀን እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሃያ ቀን ቢዘገይ ጣሪያው 200,000 ዶላር ነው፤ አንድ ኢሜይል ላለመላክ።

ጤና ዘርፍ ከሆነ

ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል የሚነካ ግብይት ከሆነ የፌዴራሉን መነሻ ሳይጠብቁ ሌላ በር ይፈትሹ። በዚህኛው ሕግም ቢሆን ዋሽንግተን ለጤና አገልግሎት ሰጪዎች የተለየ መስፈርት አክላለች። ከዚያ ውጪ ከ2020 ጀምሮ በሚሠራ የቆየ ሕግ፣ ሆስፒታሎችና ሰባትና ከዚያ በላይ ባለሙያዎችን የሚወክሉ የሕክምና ድርጅቶች ከመዋሃዳቸው 60 ቀን በፊት ለዐቃቤ ሕጉ ማሳወቅ አለባቸው። ይህ ግብይቱ 133.9 ሚሊዮን ይድረስ አይድረስ አይጠይቅም፤ ስለዚህ መካከለኛ ክሊኒክ የሚያዘው በዚህ ነው። ሌሎች ግዛቶችም የራሳቸው ቀን አላቸው፦ ካሊፎርኒያ 90 ቀን፣ ኢንዲያና 90 ቀን፣ ኦሪገን 180 ቀን። ኢንዲያና የምትመለከተው 10 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ጠቅላላ ሀብት ያለውን ነው። እነዚህ ቀኖች ወደ ኋላ የሚቆጠሩት ከመዝጊያው ቀን ነው። ኦሪገን ውስጥ በጁን መጨረሻ ሊዘጋ የታሰበ ግዢ በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያው ካልገባ ቀኑ ከወዲሁ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ የውሉ የመዝጊያ ቀን ከመጻፉ በፊት የግዛቱ ቀን ይቆጠር።