ያገለገለ ኮምፓክት ካሜራን ከነውሃ መከላከያ ሀውዚንጉ እንዴት መሸጥ ይቻላል

ሁለቱን ለየብቻ አይሽጡ። የኮምፓክት ካሜራ ሀውዚንግ (ካሜራው ውሃ እንዳይነካው የሚገባበት ሳጥን) የሚሠራው ለአንድ ሞዴል ነው፤ ለካነን ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 የተሠራው ለመጀመሪያው ጂ7 ኤክስ አይሆንም። ማስታወቂያው ላይ የሁለቱንም ሞዴል ይጻፉ።

ካሜራውን ቻርጅ አድርገው ጥርት ያለ ሰማይ በትንሹ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ ትንሹ ማለት ትልቁ የኤፍ ቁጥር ነው) ያንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ አቧራ ገብቷል። በቱሉ ዲምቱና በለገጣፎ ኮረኮንች መንገዶች ዳር ተዘርግቶ የሚገባ ሌንስ አቧራ መሳቡ የተለመደ ነው። ሌንሱን ራስዎ አይክፈቱት፤ ነጠብጣቡን ለገዢው ተናግረው ዋጋ ይቀንሱ።

ዋናው ሥራ ሀውዚንጉ ላይ ነው። ኦሪንጉን፣ ማለትም ክዳኑ ውሃ እንዳያስገባ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት፣ በጣት ገፋ አድርገው ሲቆለመም ያውጡት፤ ቢላና መርፌ ይቆርጡታል። የተቀመጠበትን ቦይ በመነጽር ጨርቅ ይጥረጉ እንጂ በጥጥ አይንኩት፤ አንዲት ክር ብትቀር ውሃ ታስገባለች። ጠፍጣፋ ወይም የተሰነጠቀ ኦሪንግ ይቀየራል። ደህና ከሆነ አምራቹ የሚያዘውን ግሪስ በስሱ ይቀቡት። ግሪስ ውሃ አይዘጋም፤ ኦሪንጉ ሳይጠማዘዝ እንዲቀመጥ ነው የሚያግዘው። ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል። ቫዝሊን ይቅር፣ አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጣል።

አሁን ካሜራውን ሳያስገቡ ደረቅ ሶፍት ከትተው ይዝጉትና በርሜል ውስጥ ይንከሩት። ባዶው ስለሚንሳፈፍ ድንጋይ ይጫኑበት። 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ በመሃል እያንዳንዱን ቁልፍ ውሃው ውስጥ ደጋግመው ይጫኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እዚያ ነውና። ሲያወጡት ውጩን በፎጣ ሳያደርቁ አይክፈቱ፤ ከክዳኑ ጠርዝ የሚወርድ ጠብታ ሶፍቱን አርሶ ያሳስትዎታል። ሶፍቱ ከረጠበ የረጠበበት ጎን ፍሳሹን ይጠቁማል። በክዳኑ በኩል ከሆነ አዲስ ኦሪንግ ሊፈታው ይችላል፤ በቁልፍ በኩል ከሆነ ግን «ያፈሳል» ብለው ይሽጡ።

ይህ ፈተና 40 ሜትር ጥልቀትን አያረጋግጥም፤ ለገዢው በግልጽ ይንገሩት። ሆኖም የላላ ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ገና ጥልቅ ሳይገባ ያፈሳል፤ ጥልቀት ሲጨምር ውሃው ራሱ ክዳኑን ኦሪንጉ ላይ ይጫነዋል። ፈተናውን በቪዲዮ ቀርጸው ከማስታወቂያው ጋር ይለጥፉ፤ ገዢ ከመሃል ከተማ እስከ እርስዎ ሰፈር የሚመጣው እሱን አይቶ ነው።

ገዢዎ ላንጋኖና ቢሾፍቱ የሚዋኝ ወይም ጅቡቲ ወርዶ የሚጠልቅ ሰው ነው። የጅቡቲው የዓሣ ነባሪ ሻርክ ወቅት ኅዳር ላይ ስለሚጀምር መስከረም ላይ ማስተዋወቅ ይሻላል።

ሜሞሪ ካርዱን አውጥተው ካሜራውን ሪሴት ያድርጉ። በቴሌብር ከተከፈለዎት የገዢውን ስክሪንሹት አይመኑ፤ ሒሳብዎን በራስዎ ስልክ ይዩ። እስኪሸጥ ድረስ የሀውዚንጉን መቆለፊያ ሳይዘጉ ያስቀምጡት፤ ለወራት የተጨመቀ ኦሪንግ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።