ውሃው በየት ገባ? ቤዝመንትን ከውሃ መጠበቅና ኢንሹራንስ የሚከፍለውን ማወቅ

ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቤት የገዛ ሐበሻ ቤዝመንቱን ባዶ አይተወውም። ወይ ያከራየዋል፣ ወይ እናት ከአገር ቤት ሲመጡ ያርፉበታል፣ ወይ ምጣዱና ፍሪዘሩ ይቀመጡበታል። ከቤቱ ሁሉ ለውሃ የተጋለጠውም ይኸው ክፍል ነው። ውሃ በግቢው ላይ ፈሶ በመስኮትና በበር ይገባል፣ በግድግዳና በወለል ይሰርጋል፣ በፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወይም የቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ሲተኛ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ግን ጥገናውም የሚከፍለው ውልም እንደ መግቢያው ይለያያል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊትም ኢንሹራንስ ዘንድ ከመደወልዎ በፊትም በየት እንደገባ ይወቁ።

ግድግዳው እርጥብ ከሆነና ምክንያቱ ካልታወቀ፣ 2 ጫማ በ2 ጫማ የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በቴፕ አሽገው አንድ ቀን ያቆዩት። ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ካላበው ችግሩ የክፍሉ አየር እርጥበት ነው፤ በግድግዳው በኩል ካላበው ውሃው ከአፈሩ እየመጣ ነው። የእኛ ቤት አንድ የተለየ ነገር አለው፦ በበጋ ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ያየው ሰው መሠረቱ የተሰነጠቀ ይመስለዋል። ለዚህ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋንና እርጥበትን ከ50 በመቶ በታች የሚይዝ ዲሂውሚዲፋየር ይበቃል። ግድግዳው ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት መሰል ጨው ግን ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ አልፎ እንደደረቀ ምልክት ነው።

ከጣራና ከግቢ ይጀምሩ

1,000 ካሬ ጫማ ጣራ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲዘንብ ወደ 620 ጋሎን ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው በቅጠል ከተዘጋ ይህ ሁሉ በጠርዙ ሞልቶ መሠረቱ ሥር ይፈሳል። አሸንዳን በዓመት ሁለቴ፣ በፀደይና ቅጠል ረግፎ ሲያበቃ ያጽዱ። የሚወርደው ቱቦ ደግሞ ግድግዳው ሥር እንዲያበቃ አይተዉት፤ ማራዘሚያ ተገጥሞለት ከ6 እስከ 10 ጫማ ርቆ ይፍሰስ። ማራዘሚያው ጥቂት ዶላር ነው። ሣር ሲታጨድ ይነሳና ሳይመለስ ይቀራል፤ ብዙ ቤዝመንት የሚርሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመሬቱ ተዳፋት ይለካ። ችካል ከግድግዳው 10 ጫማ ላይ ይትከሉ፣ ሲባጎ ከግድግዳው እስከ ችካሉ ይወጥሩ፣ በውሃ ልክ ያስተካክሉት፤ ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ከሲባጎው እስከ መሬቱ ያለውን ይለኩ። በችካሉ በኩል ያለው መሬት ቢያንስ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ቤት ሲሠራ መሠረቱ ዙሪያ ተቆፍሮ የተሞላው አፈር በዓመታት ስለሚሰምጥ፣ መጀመሪያ ደህና የነበረ ተዳፋት ወደ ቤቱ ይዞራል። ሲሞሉት ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ይጠቀሙና እየደለደሉ ይጠቅጥቁት። አሸዋና የአትክልት ቅርፊት ብቻ መጨመር ውሃውን ከላይ ይሰውረዋል እንጂ አያስቆመውም። አፈሩን ሲያነሱ ግን ቢያንስ 6 ኢንች የመሠረቱ ግድግዳ ከሳይዲንጉ በታች እንዲታይ ይተዉ፤ አለበለዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም መንገድ ያገኛል።

ከመሬት በታች ባሉ መስኮቶች ፊት የተቆፈሩትን የመስኮት ጉድጓዶች ይክፈቱና ይዩ። ታቹ ጠጠር መሆን አለበት፤ ጭቃና ቅጠል ከሞላው ውሃው ተጠራቅሞ በመስኮቱ ይገባል። ግልጽ ክዳን ይግጠሙለት፤ የመኝታ ክፍል መስኮት ከሆነ ግን ክዳኑ ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ መከፈት አለበት። ከውጭ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት በር ካለ፣ ደረጃው ሥር ያለችውን ትንሽ ፍሳሽ ከዝናብ በፊት መጥረግ አይዘንጉ።

ስንጥቅን በተመለከተ፦ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ፖሊዩሬቴን በመርፌ ይሞላል። በብሎኬት ግድግዳ መካከል በአግድም የሄደና ግድግዳውን ወደ ውስጥ ያጎበጠ ስንጥቅ ግን የአፈሩ ግፊት ነው፤ ለዚህ የሚጠራው የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። ከውስጥ የሚቀባ ውሃ ተከላካይ ቀለም እርጥበትን ትንሽ ይይዛል፤ ከጀርባው ግፊት ካለ ግን ተልጦ ይወድቃል። «ነፃ ምርመራ» ብሎ የሚመጣ ሻጭ ዙሪያውን ወለል ሰብሮ ቱቦ ለመቅበር ብዙ ሺህ ዶላር ሲጠይቅ፣ አስቀድሞ አሸንዳውንና ተዳፋቱን ወጥቶ ማየቱን ልብ ይበሉ። ካላየ ውል አይፈርሙ።

ሳምፕ ፓምፕ

የከርሰ ምድር ውሃ ከወለሉ ሥር ለሚመጣበት ቤት ዋናው መከላከያ ሳምፕ ፓምፕ ነው፦ ከወለሉ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚያወጣ። የተለመደው ጉድጓድ 18 ኢንች ስፋትና 24 ኢንች ጥልቀት አለው። ለአብዛኛው ቤት የሲሶ ፈረስ ጉልበት ይበቃል፤ ውሃ የሚበዛበት ግማሽ ይወስዳል። ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው፤ የተገጠመበትን ቀን በማርከር ክዳኑ ላይ ይጻፉ።

በየሦስት ወሩ አንድ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ያፍስሱ። ፓምፑ ራሱ ተነስቶ ውሃውን ማውጣትና ራሱ መቆም አለበት። ካልተነሳ በመጀመሪያ ውሃው ከፍ ሲል ፓምፑን የሚያስነሳውን ተንሳፋፊ ይዩ፤ ፓምፑ በንዝረት ይንቀሳቀስና ተንሳፋፊው ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እያጉረመረመ ውሃ የማያወጣ ከሆነ አየር ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ከፓምፑ በላይና ከቼክ ቫልቩ (ውሃው እንዳይመለስ ከሚያግደው) በታች ባለው ቧንቧ ላይ የአንድ ኢንች ስምንተኛ የሚሆን ቀዳዳ የሚበሳው። ቼክ ቫልቩ ከሌለ ደግሞ በቧንቧው የወጣው ውሃ ተመልሶ ይወርዳል፣ ፓምፑም ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ሲያወጣ ይቃጠላል። መውጫው ከመሠረቱ ቢያንስ 10 ጫማ ይራቅ፤ ወደ ፍሳሽ መስመር ማገናኘት በብዙ ቦታ ክልክል ነው። ክረምት ላይ መሬት የተኛው ቱቦ በበረዶ ከተዘጋ ፓምፑ ውሃውን የሚያወጣበት አይኖረውም።

ትልቁ ድክመቱ ግን መብራት ነው፤ ዶፉ በሚወርድበት ሰዓት መብራት ይጠፋል። በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ ከዋናው ትንሽ ከፍ ብሎ ይገጠም። ባትሪው የመኪና ሳይሆን ዲፕ ሳይክል የሚባለው ይሁን፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል።

ከፍሳሽ ተመልሶ የሚመጣ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ክፍል የዝናብና የመጸዳጃ ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ ነው የሚሄደው። በ2012 በጋ ብሉሚንግዴልና ሌድሮይት ፓርክ ላይ ዝናቡ ሲበዛ ፍሳሹ ተመልሶ ቤዝመንት ለቤዝመንት የገባው በዚህ ነው። መከላከያው ባክዋተር ቫልቭ ነው፦ ውሃ ሲወጣ የሚከፈት፣ ሲመለስ የሚዘጋ። ወለል ተቆፍሮ ፈቃድ ባለው የቧንቧ ሠራተኛ ይገጠማል፤ በየስድስት ወሩ ተከፍቶ ይጸዳል። አንድ ነገር ለቤተሰቡ ሁሉ ይነገር፦ ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት ፎቅ ላይ ሻወር ከተወሰደ ወይም ልብስ ከታጠበ፣ ያ ውሃ መውጫ ስለሌለው በገዛ ቤዝመንትዎ ወለል ይወጣል።

ዝናብ ሳይኖር የሚመለስ ፍሳሽ ብዙውን ጊዜ የራስዎ መስመር መዘጋት ነው፤ የዛፍ ሥር፣ ወይም ከማእድ ቤት የወረደ ቅባት። የወጥ ድስት ያለቀለቁበት ቅቤ ትኩስ ሆኖ ይወርድና መስመሩ ውስጥ ይረጋል። ድስቱን በወረቀት ጠርገው ይጠቡ፣ የቡናውን አተላም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይድፉት። አሮጌ ቤት ከሆነ መስመሩን በካሜራ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

ከቤቱ ቧንቧ ለሚመጣው ጥንቃቄው አጭር ነው። የልብስ ማጠቢያውን የጎማ ቱቦ በብረት በተጠለፈ ይቀይሩ፣ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ተከራዩም ይወቅ፣ በውሃ ማሞቂያው ሥር የሚጮህ ዳሳሽ ያስቀምጡ። ብርድ ሳይገባ የግቢውን የውሃ ቱቦ ከቧንቧው ይንቀሉ፤ ተሰክቶ ከከረመ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ በበረዶ ይሰነጠቅና በፀደይ ሲከፍቱት ውሃው ቤዝመንት ይወርዳል።

የትኛው ውል ምን ይከፍላል

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ድንገት የፈነዳ ቧንቧን ይሸፍናል። ለወራት ሲንጠባጠብ የቆየን፣ በግድግዳ የሰረገን፣ ከመሬት ላይ ፈሶ የገባን፣ በፍሳሽ የተመለሰንና የሳምፕ ፓምፕ መበላሸት ያመጣውን ግን አይሸፍንም።

ለፍሳሽና ለሳምፕ ፓምፕ «ዋተር ባክአፕ» የሚባል ተጨማሪ ሽፋን በቤቱ ውል ላይ ይገዛል። ሜሪላንድ ውስጥ ኩባንያዎች በፍሳሽ ለሚመለስ ውሃ ሽፋን በጽሑፍ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ መግዛት የእርስዎ ምርጫ ነው። የሽፋኑን ጣሪያ ይመልከቱ፦ 5,000፣ 10,000፣ 25,000 ዶላር እየተባለ ይሸጣል። መታጠቢያ ቤትና ኩሽና ለተሠራለት ቤዝመንት 5,000 ዶላር ካርፔቱንና ድራይዎሉን አንስቶ ከማድረቅ ብዙም አያልፍም። የሳምፕ ፓምፕ ስም በውሉ ላይ መጠቀሱንም ያረጋግጡ።

ለጎርፍ የተለየ ውል ያስፈልጋል። በ1968 የተቋቋመው የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ የዕቃው ለብቻው ይገዛል። በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚሠራው፤ የአየር ትንበያ ሰምቶ መግዛት አይረዳም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቤዝመንት ውስጥ የሚሸፍነው ጥቂት መሆኑን ነው፦ ፈርነስ፣ ውሃ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ሳምፕ ፓምፕ፣ ያልተቀባ ድራይዎል፣ በዕቃው በኩል ማጠቢያ፣ ማድረቂያና ፍሪዘር ከነምግቡ። ካርፔት፣ ሶፋ፣ አልጋ፣ ቴሌቪዥን የለበትም። ቤዝመንት የሚባለው ወለሉ በአራቱም በኩል ከመሬት በታች የሆነ ነው፤ በአንድ በኩል ያለ ደረጃ በቀጥታ ወደ ግቢ የሚያስወጣ ከሆነ ሊለይ ስለሚችል ወኪሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለሚያከራዩ፦ ተከራይ መኖሩን ለኩባንያው ሳያሳውቁ መቆየት ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) የሚያስከለክል ምክንያት ሊሆን ይችላል። የተከራዩ ዕቃ በእርስዎ ውል አይሸፈንም፤ የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ እንዲገዛ በኪራይ ውሉ ላይ ይጻፉ። በሴፕቴምበር 2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ኒውዮርክ ውስጥ በቤዝመንት የሚኖሩ 11 ሰዎችን ገድሏል። ሰው የሚተኛበት ክፍል በመስኮት መውጣት የማይቻልበት ከሆነ አያከራዩት።

ውሃ የገባ ዕለት

ውሃው ሶኬት ወይም የኤሌክትሪክ ሳጥን ደርሶ ከሆነ አይግቡበት፤ መብራት ኃይሉ ከውጭ እስኪያጠፋ ይጠብቁ። ከዚያ ምንጩን ይዝጉ፣ ምንም ሳያነሱ በቪዲዮ ይቅረጹ፦ የውሃው ከፍታ ከሜትር ጋር፣ የገባበት ቦታ፣ የማሽኖቹ መለያ ቁጥር። የተሰበረችውን ቧንቧ ወይም የተበላሸውን ፓምፕ አይጣሉ፤ ከካርፔቱም ትንሽ ቆርጠው ያስቀምጡ።

ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር አጀስተሩ (የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች) እስኪመጣ ብለው ማድረቁን አያዘግዩ፤ ጉዳቱ እንዳይባባስ ማድረግ በውሉም የእርስዎ ግዴታ ነው። የፍሳሽ ውሃ የነካው ካርፔትና ድራይዎል ይጣላል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ካርፔቱ ሊተርፍ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን አይተርፍም።

ሲደውሉ ለቃላት ይጠንቀቁ። እኛ ውሃ ከሞላ ሁሉንም «ጎርፍ ገባ» ወይም «ፍላድ አደረገ» እንላለን። ኢንሹራንስ ዘንድ ግን ይህ ቃል ከውጭ በመሬት ላይ ፈሶ የገባ ውሃ ማለት ነው፤ የፈነዳ ቧንቧን «ፍላድ» ብለው ካስመዘገቡ ክሌይሙ ከመጀመሪያው በማይሸፈን መደብ ሊያዝ ይችላል። የሆነውን በትክክል ይናገሩ፦ «የማሞቂያው ቧንቧ ፈነዳ»፣ «ከወለሉ ፍሳሽ ወጣ»። ያልሆነውን መናገር ግን ማጭበርበር ነው፤ ምንጩን ካላወቁ «ገና አላወቅሁም» ይበሉ። ልጅዎ ከሚያስተረጉም ኩባንያው የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያቀርብ ይጠይቁ። ጉዳቱ ከዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስዎ ከሚወጣው) ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ከኪስ መጠገን ይሻላል፤ ክሌይም በመዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል።

ከተከለከሉ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። የቤት ኢንሹራንስ ከሆነ አቤቱታው ለግዛቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም። የፌዴራሉ የጎርፍ ውል ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፦ የተፈረመበት የጉዳት መግለጫ አደጋው በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ይገባል፣ የክልከላው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 60 ቀን ውስጥ ለፌማ (ለፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ይግባኝ ማለት ይቻላል።