ዳሌ በሮቦት እርዳታ ሲጠገን የሚሠሩ ስህተቶች

የዳሌ አጥንት ቀለበት ነው፤ አንድ ቦታ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሌላም ቦታ ይላላል። ድሮ ይህን ለማሰር በሰፊው መክፈት ግድ ይል ነበር። አሁን ለአንዳንድ ስብራቶች አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በምትሆን ቀዳዳ ረጅም ብሎን ይገባል፣ ሮቦቱ ደግሞ አቅጣጫውን ይይዛል። ችግሩ ቁስሉ ትንሽ ሲሆን ጉዳቱም ትንሽ ይመስላል።

«ማሽኑ ነው የሚሠራኝ» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። በተለመደው አሠራር የሮቦቱ ክንድ በታቀደው መስመር አንድ ቱቦ ይዞ ይቆማል፤ በዚያ ቱቦ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ፣ ከዚያ በሽቦው ላይ ብሎኑን የሚያስገባው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ሮቦት አለ ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደሠራው፣ ማሽኑ መሀል ላይ ቢያስቸግር በኤክስሬይ ብቻ መጨረስ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ሁለተኛው የቀዶ ጥገና ክፍሉ ስህተት ነው። ሮቦቱን የሚመራው ካሜራ የታካሚውን ዳሌ የሚያውቀው አጥንቱ ላይ በተተከለች ትንሽ ምልክት ነው። አንድ ሰው በክንዱ ሳያውቅ ቢገፋት ሮቦቱ አሁንም የድሮውን ቦታ ነው የሚያምነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ግን እንደ በፊቱ ያምራል። ብሎኑ የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ከፊቱ ወደ እግር የሚወርድ ነርቭና የደም ሥር አለ፣ ከጎኑ የነርቭ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር መሳት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ሽቦው እንደገባ፣ ብሎኑ ሳይከተል፣ በተለያየ አቅጣጫ ኤክስሬይ አንስቶ ማየት ግዴታ ነው። ሮቦቱ እንደ ካርታ የሚመራበት ምስል ከተነሳ በኋላ አጥንቱን ወደ ቦታው መጎተትም ያው ነው፤ ካርታው ያረጃል፣ እንደገና መነሳት አለበት።

ትልቁ ስህተት ግን ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ሕመሙ ቀለል ይላል፣ ስፌቱ ይደርቃል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ክራንቹ አልጋው ጥግ ተደግፎ ይቀርና «ሁለት እርምጃ ናት» ተብሎ በሁለት እግር ይቆማል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ሮቦቱ ብሎኑ በትክክል እንዲገባ ረዳ እንጂ የአጥንቱን መግጠም አላፈጠነውም። እንደ ስብራቱ ዓይነት በተጎዳው በኩል ክብደት ሳይጥሉ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መቆየት የተለመደ ነው፣ ሐኪሙ ቶሎ እርገጥ ካላለ በስተቀር። ብሎን ሊላላም ሊጣመምም ይችላል።

የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒትን «ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥም አደገኛ ነው። ባትዎ ካበጠ ሳይውል ሳያድር ይታዩ፣ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሲጋራም የአጥንትን መግጠም ያዘገያል።

ስለ አንድ ነገር ሰው በጣም ያፍራል። ሽንት አልወርድ ወይም አልያዝ ማለት፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ የወሲብ ችግር። እነዚህን የሚያዝዙት ነርቮች እዚያው ያልፋሉ፣ ጉዳቱ ራሱ ነክቷቸው ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ተናገሩ።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከቆሙበት ብቻ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ደግሞ ብሎኑ ገባ ብላችሁ አታቁሙ። አጥንቱ ሳስቶ ይሆናል። ከሆስፒታል ሳትወጡ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራና ሕክምና ጠይቁ።