ባዶውን ፖርቶ መጋላ አውርዱት

በአዳማው ፈጣን መንገድ ስትነዱ ቤንዚኑ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ካስቸገራችሁ፣ ሞተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ። ዕቃ ሳይጫንበት የከረመ ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም የዕቃ መጫኛ ብረት ካለ ፍቱትና ቤት አስቀምጡት።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። ፍጥነታችሁ ከ50 ወደ 100 ሲደርስ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው አየር እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 4 እጥፍ ይሆናል። ባዶው ብረት ደግሞ ነፋሱን እያተራመሰ ይጎትታችኋል። ፍጥነት ስትጨምሩ ከላይ የምትሰሙት ፉጨት እሱ ነው።

ከተማ ውስጥ ግን ዋናው ጠላት ክብደት ነው። መብራት ይዟችሁ በቆማችሁና በተነሳችሁ ቁጥር ሞተሩ ያንን ሁሉ ኪሎ እንደ አዲስ ይገፋል። ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ልፋቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እንጦጦን ስትወጡማ አይወራም! ስለዚህ ከኋላ የተረሳውን 50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ውሃ የሞላውን ጀሪካን አውርዱ።

ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) እና ክሪክ (መኪና ማንሻ) ግን እንዳትነኩ። ውስጥ የምትጭኑት ዕቃ የኋላ መስታወቱን የሚጋርድ ከሆነም ፖርቶ መጋላው ይቆይ፤ ዕቃውን እዚያ ላይ በደንብ አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ።