የማግኔታይት ናኖቅንጣቶችን በቤተ ሙከራ እንዴት መሥራት ይቻላል?

ማግኔታይት የዝገት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የብረትና የኦክስጅን ውህዶች ናቸው። ናኖቅንጣት የምንለው በናኖሜትር (በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለካ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ማግኔታይትን የሚለየው ለእያንዳንዱ ባለ ሁለት ቻርጅ የብረት አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው አቶም) ሁለት ባለ ሦስት ቻርጅ አዮኖችን መያዙ ነው። ይህ ልክ ከተጠበቀ ጥቁር፣ ማግኔት የሚስበው ዱቄት ይገኛል፤ ከተዛባ ግን ቡናማ ጭቃ ይዘው ይቀራሉ። እዚህ የምገልጸው መንገድ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሬኔ ማሳር በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የማዝቀጥ ዘዴ፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ጠጣር አድርጎ የማውረድ ዘዴ፣ የተከተለ ነው።

አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ስለሚያቃጥል ሥራው ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ጭስ በሚስብ የቤተ ሙከራ ካቢኔት ውስጥ ብቻ ይከናወን።

መጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ባለ ሦስት አንገት የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ለ30 ደቂቃ ያህል ናይትሮጅን ያንቡለቡሉበት። አሰልቺ ቢሆንም አይዝለሉት። በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ባለ ሁለት ቻርጁን ብረት ወደ ባለ ሦስት ይቀይረዋል፤ ያን ጊዜ በጥንቃቄ የመዘኑት ልክ ገና ከመነሻው ይበላሻል።

ቀጥለው 5.4 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ (ስድስት ሞለኪውል ውሃ ያዘለውን) እና 2 ግራም ፌረስ ክሎራይድ (አራት ያዘለውን) መዝነው ያሟሙ። ይህ በሞል፣ ማለትም በብረት አዮኖቹ ቁጥር፣ ሲሰላ 2 ለ 1 ነው። ከመመዘንዎ በፊት የፌረስ ክሎራይዱን ቀለም ይመልከቱ። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መሆን አለበት። ዕቃው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ቆይቶ ወደ ቢጫነት ወይም ቡናማነት ካደላ ይተዉት፤ ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም በውስጡ ያለው ብረት የሚፈልጉት አይደለም።

የናይትሮጅኑን ፍሰት ሳያቋርጡ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁት። ለማማሰል በሞተር የሚዞር መቅዘፊያ ይጠቀሙ። በማግኔት የሚሽከረከረው ነጭ ዘንግ ለሌላ ሥራ ምቹ ቢሆንም እዚህ ግን ምርትዎን ሁሉ ለራሱ ሰብስቦ ይይዛል። ይህን ስህተት አንድ ጊዜ የሠራ ሰው ዘንጉን ሲፈገፍግ ስለሚውል አይረሳውም።

አሁን ወሳኙ ቅጽበት ነው። በብርቱ እያማሰሉ 20 ሚሊ ሊትር የ25 በመቶ አሞኒያ በአንድ ጊዜ ይጨምሩ። ብርቱካናማው ፈሳሽ ወዲያው ጥቁር ይሆናል። ባለ ሦስት ቻርጁ ብረት ገና አሲዳማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚዘቅጥ፣ አሞኒያውን ጠብ ጠብ ካደረጉት ቀድሞ ብቻውን ይወርዳል። በፍጥነት ሲጨመር ግን ሁለቱም አብረው ይዘቅጣሉ፤ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቅንጣቶችም በአንድ ጊዜ ይፈጠራሉ። ለ30 ደቂቃ ማማሰሉን ይቀጥሉና ያቀዝቅዙት።

ማጠቡ ደስ የሚል ሥራ ነው፦ ከብርጭቆው ሥር ጠንካራ ማግኔት ያስቀምጡ፣ ጥቁሩ ሲሰበሰብ የላዩን ውሃ ያፍሱ፣ ኦክስጅን የሌለው ውሃ ጨምረው ይድገሙ። ምንም ካልባከነ 2.3 ግራም ገደማ ያገኛሉ። አያድርቁት፤ የደረቀ ቅንጣት ተጣብቆ ይቀራል፣ መልሶ መበተኑም አስቸጋሪ ነው። በውሃ ውስጥ እንዲበተን ከፈለጉ በሲትሪክ አሲድ፣ በዘይት መሰል ፈሳሽ ከሆነ በኦሌይክ አሲድ ይሸፍኑት።

ማግኔት ሳበው ማለት ግን ማግኔታይት ነው ማለት አይደለም። ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጠረው ወንድሙ ማግሄማይትም ይሳባል፤ የኤክስሬይ ምርመራ እንኳ ሁለቱን በቀላሉ አይለያቸውም። ቀለሙ ወደ ቡናማ መሄዱ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መጠናቸው 10 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑ ቅንጣቶች ማግኔት ሲቀርባቸው ይሳባሉ፣ ሲርቃቸው ደግሞ መግነጢሳቸውን ይተዋሉ፤ ስለዚህ እርስ በርስ ተሳስበው አይጓጎሉም። በሲሊካ የተሸፈኑት ዲኤንኤን ከደም ናሙና ለቅመው ያወጣሉ። በኤምአርአይ ምስል ላይ ቅንጣቶቹ የተከማቹበትን ሕብረ ሕዋስ ያጠቁራሉ። በስኳር መሰል ሽፋን የተሠራው ፌሩሞክሲቶል በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለብረት እጥረት የደም ማነስ ሕክምና ተፈቅዷል። በውሃ ውስጥ ያለ አርሰኒክም በላያቸው ላይ ስለሚጣበቅ በማግኔት አብሮ ሊወጣ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የናሳው መሐንዲስ ስቲቭ ፓፔል ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ክብደት አልባ በሆነ ጠፈር የሮኬት ነዳጅን በማግኔት ለመሳብ አስቦ፣ ማግኔታይትን ከኦሌይክ አሲድ ጋር ፈጭቶ በነዳጁ ውስጥ በተነው። እርሱ ከትልቁ ድንጋይ ወደ ታች እየፈጨ የደረሰበትን መጠን አሞኒያው ከአዮን ጀምሮ ወደ ላይ እየገነባ በቅጽበት ይደርስበታል።