ታራንቱላዬ «እሷ» ናት ወይስ «እሱ»?

አማርኛ ጾታ ሳይለይ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ሸረሪት ደግሞ በአፋችን ሴት ናት፤ «ሸረሪቷ ድር አደራች» እንላለን። እኔም ፍራንክፈርት በሚገኘው ቤቴ ያሳደግኋትን ባለ ቀይ ጉልበት የሜክሲኮ ታራንቱላ (ትልቅ ጠጉራም ሸረሪት ናት) አምስት ዓመት ሙሉ «ውቢት» እያልኩ ጠራኋት። አንድ ጠዋት ቆዳዋን ጥላ ስትወጣ እግሮቿ ረዝመዋል፤ ሆዷ አንሷል፤ ከአፏ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አጫጭር እጅ መሰል እግሮቿ ጫፋቸው እንደ ቦክስ ጓንት አብጧል። ውቢት ወንድ ነበር። ከዚያ በኋላ የኖረው 14 ወር ብቻ ነው።

የዚህች ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ብራኪፔልማ ሃሞሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዝርያዎቹ አመዳደብ እንደገና እስኪመረመር ድረስ ብዙ ጊዜ የምትሸጠው ብራኪፔልማ ስሚቲ በሚል ስም ነበር። ሴቷ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ወንዱ ግን ለአቅመ ተራክቦ የሚያበቃውን የመጨረሻ ቆዳ ከጣለ በኋላ ዕድሜው በአብዛኛው በወራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጾታን አስቀድሞ ማወቅ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አብራችሁ የምትቆዩት ስንት ዘመን እንደሆነ ማወቅ ነው። ሳላውቅ በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በጠባይ አትፍረዱ። «ይህቺ ረጋ ያለች ናት፣ ሴት መሆን አለባት» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ዋጋ የለውም። በትልቅነትም አትመኑ፤ ልጅ ሳለ ወንዱም ሆነ ሴቷ አንድ ናቸው። እውነቱን የሚናገረው የተጣለው ቆዳ ነው።

ጊዜው ሲደርስ ምልክቱን ራሷ ታሳያለች። መብላት ታቆማለች፤ ፀጉር የረገፈበት የሆዷ መላጣ ቦታ ይጠቁራል፤ ወለሉ ላይ ነጭ ድር ታነጥፍና በጀርባዋ ትተኛለች። ሞታለች ብላችሁ እንዳትነኳት! በሳጥኑ ውስጥ የቀረ ፌንጣ ካለ አስቀድማችሁ አውጡ፤ አዲሱ ቆዳዋ እስኪጠነክር ድረስ ፌንጣ እንኳ ሊጎዳት ይችላል። ቆዳውን ትታ ፈቀቅ ስትል ግን አትዘግዩ። በረጅም ወረንጦ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ካደረ ይደርቃል፣ አንዳንዷም እያኘከች ታጨማድደዋለች። ጓንት አድርጉ። ብዙዎቹ የአሜሪካ አህጉር ታራንቱላዎች ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር አለ፤ በተጣለው ቆዳም ላይ ይቀራል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው።

የእግሩና የደረቱ ክፍል ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የሆዱ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተኮማትሮ ከኋላ ይንጠለጠላል፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ዘፍዝፉት። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲለሰልስ በመስታወት ቁራጭ ላይ አስቀምጡና በቀጭን የሥዕል ብሩሽ እየገፋችሁ ዘርጉት፤ የውስጥ ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። አትቸኩሉ፤ ከተቀደደ እስከሚቀጥለው ቆዳ ድረስ መጠበቅ ነው፣ ይህም ላደገች ታራንቱላ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ከተዘረጋ በኋላ አራት ነጫጭ ሞላላ ቦታዎች ይታያሉ፤ የሳንባዎቿ ሽፋን ናቸው። ወደ እግሮቹ የሚቀርቡትን ሁለቱን ለዩ። በእነሱ መካከል አግድም የሚያልፍ መስመር አለ፤ የመራቢያው ስንጥቅ ነው። ሴት ከሆነች ከዚያ መስመር ላይ እንደ ኪስ ክዳን ያለች ነገር ተነስታ ታያላችሁ። የወንዱን ዘር የምታኖርባት ከረጢት ናት፤ በስፒል ጫፍ ስትነኳት ብድግ ትላለች። በባለ ቀይ ጉልበቷ አንድ ወጥ ሰፊ ቅርጽ ናት፤ በቺሊዋ ሮዝ ታራንቱላ ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት እብጠቶች ናቸው። ወንድ ከሆነ ቦታው ሜዳ ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ወንድ በዚያው ስፍራ ትንንሽ እብጠቶች ይኖሩታል። በውቢት ቆዳ ላይ እነሱን አይቼ «ይኸው ከረጢቷ» አልኩ፤ ሻጩም ሴት ናት ብሎኝ ስለነበር ማየት የፈለግሁትን አየሁ። በስፒል ነክቼ ቢሆን ኖሮ እንደ ክዳን እንደማይነሱ አውቅ ነበር። አሁን በወርቅ ሠሪዎች ማጉያ መነጽር አያለሁ፤ ከመስታወቱ ሥር የእጅ ባትሪ አበራለሁ፤ በአንድ ቆዳ ብቻም አልወስንም። እግሮቿ ተዘርግተው አምስት ሴንቲሜትር ያህል ለሆነች ታራንቱላ ይህ ይበቃል። ከዚያ ላነሰች ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ቆዳው ከተበላሸ፣ ታራንቱላዋ የሳጥኗ መስታወት ላይ ስትወጣ ከሥር ፎቶ አንሱ። በወንድ ላይ ከስንጥቁ በላይ፣ በሁለቱ የፊት ሳንባዎች መካከል፣ ጠቆር ያለ ግማሽ ክብ የሚመስል ጠጉራም ቦታ ብዙ ጊዜ ይታያል። ጥርጣሬ ለማንሳት ይጠቅማል፣ ለመወሰን ግን አይበቃም፤ ጥቁር በሆኑ ዝርያዎች ላይማ መለየቱ ከባድ ነው።

አዋቂ ወንድን ለመለየት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የእጆቹ ጫፍ ያብጣል፤ በብዙ ዝርያዎች ደግሞ ከፊት እግሮቹ በታች በኩል የሴቷን መንጋጋ የሚይዝበት መንጠቆ ይወጣል። መንጠቆ የለውም ብላችሁ ግን «ሴት ናት» አትበሉ፤ ግዙፉ ጎልያድ ታራንቱላ አዋቂ ወንድ ሆኖም መንጠቆ የለውም። ምግብ ይቀንሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሴት ፍለጋ ይዞራል። ታሟል ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ውሃው አይጉደል እንጂ።

ዛሬ ጠጉሯ የተጠቀለለ የሆንዱራስ ታራንቱላ አለችኝ። የጣለችውን ቆዳ ሁሉ ቀን ጽፌበት በክብሪት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ስም ሳላወጣላትም ሁለት ዓመት ቆየሁ። ባለፈው ወር ሁለተኛውን ግልጽ ቆዳ በስፒል ነካሁት፤ ክዳኗ ብድግ አለች። ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ደውዬ «ሴት ናት» አልኳት። «ታዲያ ስሟን ማን አልካት?» አለችኝ።