ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታተም ፕሮፋይል ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የጀጎልን ግንብና የሐረርን ጠባብ መንገዶች በጥቁርና ነጭ አንሥተው፣ በማሳያው ላይ የወደዱት ፎቶ ከፕሪንተር ሲወጣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ለብሶ የሚያገኙት ብዙዎች ናቸው። በባለቀለም ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ መዛባት ሊሸሸግ ይችላል፤ እዚህ ግን መደበቂያ የለውም። ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የፕሪንተሩ ሳይሆን የፕሮፋይል አጠቃቀም ነው፤ ፕሮፋይል ማለት አንድ መሣሪያ ወይም ፋይል ቀለምን እንዴት እንደሚተረጉም የሚገልጽ መረጃ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ቀለሙን ሁለቴ ማስተካከል ነው። ፎቶሾፕ በአይሲሲ ፕሮፋይሉ (የተለመደው የፕሮፋይል ዓይነት ነው) መሠረት ግራጫውን አስተካክሎ ይልካል፤ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር ደግሞ የራሱን ማስተካከያ ይደርብበታል። ውጤቱ ዝርዝሩ የታፈነ ጨለማ ክፍልና የተበከለ ግራጫ ነው። ፎቶሾፕ ቀለሙን እንዲያስተዳድር ከመረጡ በፕሪንተሩ መስኮት ያለውን የቀለም ማስተካከያ ያጥፉ። ይህን ሳያረጋግጡ ሌላ ነገር መነካካት ወረቀትና ቀለም ማባከን ብቻ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንዳንድ የኤፕሰን ፕሪንተሮች ለጥቁርና ነጭ የተለየ የኅትመት ስልት አላቸው፤ በዋናነት በጥቁርና በግራጫ ቀለሞች ያትማሉ፤ ሌሎቹን ቀለሞች ድምፀቱን ለማቃናት በጥቂቱ ብቻ ይጨምራሉ። ለባለቀለም ኅትመት የተሠራ ፕሮፋይል እዚያ ቦታ የለውም፤ ሥራውን ለፕሪንተሩ ይተዉለት። በእኔ እምነት ትክክለኛ ፕሮፋይል ላጣ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የአንዱን ወረቀት ፕሮፋይል ለሌላው መጠቀምም የተለመደ ነው። ፕሮፋይል የሚገልጸው ፕሪንተሩን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱንና የኅትመቱን ቅንብር በአንድነት ነው። ድሬዳዋ ገበያ ላይ የተገኘውን ወረቀት ገዝቶ የሌላ ፋብሪካ ፕሮፋይል መምረጥ የሌላ ሰው መነጽር እንደ ማድረግ ነው። የማያብረቀርቅ ወረቀት ለእርሱ የተዘጋጀውን ጥቁር ቀለም ይፈልጋል፤ የሚያብረቀርቀውም የራሱን። አዲስ ወረቀት ሲገዙ ከጥቁር እስከ ነጭ ባለ 21 ደረጃ መፈተኛ አትመው በጨለማው በኩል የትኞቹ ደረጃዎች እንደተዋሐዱ ይመልከቱ።

ማሳያው ከልክ በላይ ሲበራ ኅትመቱ ጠቆረ ይባላል። ብርሃኑን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ላይ ያድርጉት።

ኅትመቱን በአንድ ብርሃን ብቻ አይቶ መፍረድ ደግሞ ያሳስታል። በባለቀለም ቀለሞች ቅልቅል የተሠራ ግራጫ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ንጹሕ መስሎ ማታ በፍሎረሰንት አምፖል ሥር አረንጓዴ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፎቶው በሚሰቀልበት ክፍል ብርሃን ይመርምሩት፤ ደንበኛው የሚኖረው ከዚያ ብርሃን ጋር ነው።

በመጨረሻ፣ ፕሮፋይል መመደብንና መቀየርን አያምታቱ። መመደብ የፋይሉን ቁጥሮች ሳይነካ መልኩን ይለውጣል፤ መቀየር ግን መልኩን ለመጠበቅ ቁጥሮቹን ይለውጣል። ፎቶ ቤቱ በኤስአርጂቢ (በማሳያና በድረ ገጽ በተለመደው የቀለም ደረጃ) አምጣ ካለዎት የሚያስፈልግዎ መቀየር ነው።